ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በየዕለቱ የምንናገራቸው ቃላት አስተሳሰባችንንና አመራራችንን እንዴት እንደሚቀርጹ ይመለከታል። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ጥግ ብቻ እንያዝ። አንድ መሥሪያ ቤት የግማሽ ዓመት ሪፖርቱን ሲያነብ አስቡ። «በዕቅድ አፈጻጸም ላይ ክፍተት ታይቷል። ግዥው በወቅቱ አልተፈጸመም። ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ቀርቦ አቅጣጫ ተቀምጦበታል። በቀጣይም ልዩ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል።» እንዲህ ያለ ሪፖርት ያልሰማ ሠራተኛ በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች በሰዋስው እንከን አይወጣላቸውም፤ ጨዋነትም አላቸው። ነገር ግን ክፍተቱን ማን አየው? ግዥውን ማን ሳይፈጽም ቀረ? አቅጣጫውን ማን አስቀመጠ? ከሁሉም በላይ፣ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ታዳሚው አጨብጭቦ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሲበተን ጥያቄዎቹ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይቀራሉ። ከስድብም ከቁጣም ይልቅ አመራርን አብዝቶ የሚጎዳው ሠሪው የማይታወቅ የወደፊት ግሥ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ «ይደረጋል»፣ «ይሠራል»፣ «ይታያል» የሚለው።

ነገሩን ከቤት እንጀምር። ብርጭቆ ከእጁ ያመለጠው ልጅ ከሦስት አንዱን ሊል ይችላል፤ «ሰበርኩት»፣ «ተሰበረብኝ» ወይም እንዲያው «ተሰበረ»። በመጀመሪያው ልጁ ሠሪ ነው፤ በሁለተኛው አደጋው የደረሰበት ሰው ነው፤ በሦስተኛው ጭራሹኑ የለበትም። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ስፓኒሽም ሳይታሰብ የደረሰን ነገር «ተሰበረ» በሚመስል አነጋገር መግለጽ ያዘወትራል፤ እንግሊዝኛ ግን ድንገተኛ አደጋ እንኳ ቢሆን «እገሌ ሰበረው» ማለት ይቀናዋል። ኬትሊን ፎሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለሁለቱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች አጫጭር ቪዲዮ አሳዩ። አንድ ሰው ሆን ብሎ ፊኛ ሲያፈነዳና የመሳሰለውን ሲያደርግ ያዩት ሁለቱም ወገኖች ሠሪውን እኩል አስታወሱት። ሳያስበው ባደረገው ጊዜ ግን ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ማን እንደነበረ የማስታወስ አቅማቸው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አነሰ። በንግግራችን ያልያዝነውን ሰው ትዝታችንም አጥብቆ አይዘውም ማለት ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ነገሩን ወደ ገንዘብ አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ሱፐር ቦውል» በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ የእረፍት ሰዓት ትርኢት ላይ ጃስቲን ቲምበርሌክ ከጃኔት ጃክሰን ጋር ሲዘፍን የዘፋኟ ልብስ ተቀዶ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ተመራማሪዎቹ ስለዚሁ ክስተት ሁለት አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ፤ አንዱ «ልብሱን ቀደደው» ይላል፣ ሌላው «ልብሱ ተቀደደ»። ተሳታፊዎቹ ቪዲዮውን በዓይናቸው አይተውት እንኳ፣ «ቀደደው» የሚለውን ያነበቡት ሰውየው እንዲከፍል የፈረዱበት የገንዘብ ቅጣት 53 በመቶ ከፍ ያለ ሆነ። ያዩት ነገር አንድ ነው፤ የተለየው አንድ ግሥ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች «እንግዲያው ሁሉም ሰው ጥፋቱን በስሙ ይጥራ፤ መሪነት ማለት ይኸው ነው» ወደሚል ስብከት ይሄዳሉ። እኔ ግን ከጥናቱ የማገኘው ትምህርት ሌላ ነው። የሠሪው ስም ሲጠራ ቅጣቱ የሚከብድ ከሆነ፣ «ፋይሉ ጠፋብኝ» ማለት ትቶ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የጎደለው ግብረ ገብ አይደለም፤ ሂሳቡን በትክክል ሠርቷል። ስሙን ከዓረፍተ ነገሩ ሲያወጣ ራሱንም ከደመወዝ ቅጣቱ አውጥቷል። እንዲህ ያለውን ሰው «ደፋር ሁን» ብሎ መምከር ከንቱ ነው። ደግሞም ያለፈን ስሕተት ስም ሳይጠሩ መመርመር ሁልጊዜ ሽሽት አይደለም። ጃፓኖች ካይዘን በተባለው የማሻሻያ አሠራራቸው ችግር ሲገጥማቸው «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ እየደጋገሙ ወደ ሥሩ ይወርዳሉ፤ «ማን?» ብለው አይጀምሩም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ዘዴ በብዙ ፋብሪካዎቻችን የታወቀ ነው። ማሽኑ ቆመ፣ ለምን? ፊውዙ ተቃጠለ። ለምን? ጭነቱ በዛበት። ለምን? እያሉ ሲወርዱ የዘይት መቀየሪያው ቀን አልፎ እንደነበረ ይደርሱበታል፤ ማንም ሳያለቅስ። እንግዲህ የትናንቱ ዓረፍተ ነገር አድራጊ ባይኖረው ብዙ ጊዜ አያሳስበኝም። የነገው ዓረፍተ ነገር ግን አድራጊ ከሌለው ነገሩ አይሆንም። ያ ፋብሪካ ምርመራውን ጨርሶ «ዘይቱ በየጊዜው እንዲቀየር ይደረጋል» ብሎ ቢፈርም፣ አምስቱም «ለምን» በከንቱ ተጠየቁ።

ለምን እንደሆነ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትሰር ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ከልቡ ይፈልጋል፣ ቃልም ይገባል፣ ግን አያደርገውም። ጎልቪትሰር ያገኘው ነገር ቀላል ነው፤ ሰውየው «መቼ፣ የትና እንዴት» እንደሚያደርገው አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካሰረው የመፈጸም ዕድሉ በግልጽ ይጨምራል። «ይህ ሲሆን እኔ ያንን አደርጋለሁ» የሚለው አነጋገር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን ውጤቱ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ የሚባል ሆኖ አገኘው፤ በዚህ ሙያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ልዩ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል» የሚለውን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ማን እንደሚጀምረው አይታወቅም፤ መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ስለዚህ በማንም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ማክሰኞ ጠዋት የሚደውል ነገር የለም። «ማክሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት እንደተከፈተ ፋይሉን አውጥቼ ለግዥ ክፍል አስረክባለሁ» ያለች ሠራተኛ ግን የመዝገብ ቤቱን በር ስታይ ሥራው ራሱ ይመጣባታል። እንደገና ማሰብ፣ እንደገና መወሰን፣ እንደገና መነሣሣት አያስፈልጋትም።

ይህ የግለሰብ ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ አመራር ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን ሠራተኛ «አደርጋለሁ» የሚለው አለቃው እንዲል ቦታ ሲተውለት ነው። እዚህ ላይ የምጠቅሰው ታሪክ ከማይጠበቅ ቦታ የመጣ ነው፤ ከኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ። ዴቪድ ማርኬ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኦሊምፒያ የተባለውን መርከብ ለማዘዝ ለረጅም ጊዜ ሲሠለጥን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ድንገት ሳንታ ፌ ወደተባለ ሌላ ዓይነት መርከብ ተመደበ። በአንድ ልምምድ ላይ፣ መርከቡ በተጠባባቂ ሞተሩ እየሄደ ሳለ፣ ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ እንዲል አዘዘ። ተረኛው መኮንን ትእዛዙን ተቀብሎ አስተላለፈ። መርከቡ ግን ፍጥነት አልጨመረም፤ ምክንያቱም በዚያ መርከብ ተጠባባቂ ሞተር ላይ ሁለት ሦስተኛ የሚባል ፍጥነት ጨርሶ አልነበረም። ማርኬ መኮንኑን ይህን ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀው እንደሚያውቅ መለሰለት። ታዲያ ለምን አዘዝህ ሲለው፣ እርስዎ ስላዘዙኝ የሚል መልስ አገኘ። በባሕር ሥር፣ በኑክሌር ኃይል በሚነዳ መርከብ ውስጥ፣ የሚያውቀው ሰው ዝም ብሎ የማያውቀው ሰው ያዛል።

ማርኬ ከወሰዳቸው መፍትሔዎች አንዱ አነጋገርን መቀየር ነበር። እሱ ትእዛዝ መስጠት ተወ፤ መኮንኖቹም «ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ተዉ። በምትኩ «መርከቡን ላጠልቅ ነው» ብለው ራሳቸው ይጀምራሉ፤ ምክንያታቸውንና ያረጋገጡትን ነገር ይጨምሩበታል፤ አዛዡም «መልካም» ይላል። ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ ግን «ላጠልቅ ነው» የሚል ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የውኃውን ጥልቀት፣ የሠራተኞቹን ዝግጁነት፣ የአዛዡንም ሐሳብ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። ፈቃድ ጠያቂ ግን ማሰቡን ለተጠያቂው ትቶለታል። ከዚያ መርከብ መኮንኖች ብዙዎቹ በኋላ ራሳቸው የሰርጓጅ መርከብ አዛዦች ሆኑ። እኛ ዘንድ «ምን ይሻላል ጌታዬ?»፣ «መመሪያ አልወረደልንም»፣ «ከላይ እየጠበቅን ነው» የሚሉት አነጋገሮች በየቢሮው ስንት የሚያስብ ጭንቅላት እንዳሳረፉ መገመት አያዳግትም። ወታደር እንኳ፣ ያውም በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ፣ ያለ ትእዛዝ መጀመር ከቻለ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ መቃወሚያዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ከጨዋነት በኩል የሚመጣ ነው። «እኛ በለዘብታ የምንናገር ሰዎች ነን፤ በታላቅ ፊት እንዲህ ላደርግ ነው ማለት ድፍረት ነው» የሚል አድማጭ ይኖራል። የለዘብታ ዋጋ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አንድ አደጋ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ተነሥቶ ወደ ኒውዮርክ ይበር የነበረ የአቪያንካ አውሮፕላን በመጥፎ አየርና በመጨናነቅ ምክንያት ከ1 ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ረዳት አብራሪው ለመቆጣጠሪያ ማማው «ቅድሚያ» እንደሚያስፈልጋቸው፣ ኋላም ነዳጅ እያለቀባቸው እንደሆነ ተናገረ፤ «አስቸኳይ አደጋ» የሚለውን ቃል ግን አንድም ጊዜ አላወጣም። ዋናው አብራሪ በስፓኒሽ አደጋ ላይ ነን በላቸው እያለው እንኳ ያስተላለፈው በለሰለሰ ቋንቋ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ጆሯቸው የሠለጠነው ለዚያ አንድ ቃል ስለነበር እንደ ሌላው ወረፋ ጠባቂ ቆጠሩት። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

እንደኔ ከሆነ አማርኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ቋንቋ ነው። አክብሮቱን «እርስዎ» በሚለው ተውላጠ ስምና በግሡ ቅጥያ ውስጥ ስላስቀመጠው መልእክቱን ማለስለስ አያስፈልገንም። «ጌታዬ፣ በዚህ ውል ላይ ቢፈርሙ ገንዘቡን እናጣለን፤ ስለዚህ ዛሬ ልመልሰው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አክብሮቱ ሙሉ ነው፣ ግልጽነቱም ሙሉ ነው። «እንደው ምናልባት ቢታይ አይከፋም ነበር» የሚለው ግን ለአለቃው ያለንን አክብሮት አንድ ጠብታ አይጨምርም። ለዘብታን ከአክብሮት ጋር አንድ አድርገን ስላየነው እንጂ ቋንቋችን አላስገደደንም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል፤ ከራሴ ክርክር ውስጥ የሚወጣ ነውና። የትናንቱ ዓረፍተ ነገር አድራጊ ባይኖረው ብዙ ጊዜ አያሳስበኝም ብያለሁ። በደርግ ዘመን በሬዲዮ የሚነበበው ዐዋጅ ግን «እርምጃ ተወሰደባቸው» ይል ነበር። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ በቀይ ሽብርም ጊዜ «ነፃ እርምጃ» የሚባለው ነገር በየቀበሌው ሲለቀቅ፣ ከስሙ ግድያው ወጥቷል፤ ከግሡም ገዳዩ ወጥቷል። አድማጩ የሚሰማው እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ነገር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረውና በ1999 ዓ.ም. ውሳኔ ያገኘው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ከ10 ዓመት በላይ የደከመው በሌላ አነጋገር ለዚያ ግሥ አድራጊ በመፈለግ ነው። ስለዚህ ደንቤን እዚህ ላይ ላጥብበው። ባለማወቅ ለተሠራ ስሕተት «ለምን?» ይበቃል። ሥልጣን የያዘ ሰው አስቦ ለወሰነው ነገር ግን ያለፈውም ቢሆን ስም ይፈልጋል። «ሠራተኞች ተቀንሰዋል» የሚል ሥራ አስኪያጅ «ሠራተኞቹን የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት ይገባዋል። በሥልጣን እርከን ላይ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር «ተደረገ» ለማለት ያለን መብት እየጠበበ መሄድ አለበት። በተግባር ግን የምናየው ተገላቢጦሹን ነው፤ ጥበቃው ጥፋቱን በስሙ ይፈርማል፣ ኃላፊው «ክፍተት ታይቷል» ይላል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ሳይንሱን ይመለከታል፤ ትክክልም ነው። ስለ ቃላት ኃይል የሚነገረው ሁሉ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት ሰዎችን «ድምፅ መስጠት» ከማለት «መራጭ መሆን» ብሎ መጠየቅ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄዱትን ያበዛል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች በሰፊው ሲሞክሩት ያ ውጤት አልተገኘም። «አንድ ቃል ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል» የሚሉን የማነቃቂያ ንግግር ባለሙያዎች ይህን አይነግሩንም። እኔ የምደገፍበት ነገር ከዚህ ይለያል። «ማክሰኞ እኔ አደርገዋለሁ» የሚለው አነጋገር የሚሠራው በምትሐት አይደለም፤ ማን እንደሚጠየቅና መቼ እንደሚጠየቅ ስለሚወስን ነው። ቃሉ ውስጥ አሠራር አለበት።

ቃል ያለ አሠራር ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የዕለት ተዕለት ቃል የአገርን ሥራ እንደሚገድል ማስተዋላቸው ያስደንቃል። ነገር ግን ብረት ሠሪው፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ከመሬትና ከጋብቻ እንደተገለሉ ስለቀሩ ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ረጅም ዘመን ኖረ። ስለዚህ «ሲስተም የለም» የሚለውን የመስኮት መልስ በሌላ ቃል ብንተካው ሲስተሙ አይነሣም። ሆኖም «ሲስተሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደውያለሁ፤ ስልክዎን ይተዉልኝ፣ ሲመለስ እደውልልዎታለሁ» ያለ ሠራተኛ የተበላሸውን ሲስተም ባይጠግንም ባለጉዳዩን ከቀን ሙሉ ወረፋ አድኖታል። ሁለቱ መልሶች በአንድ ብልሽት ላይ የተነገሩ ናቸው፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ሦስት ግሦች ባለቤት አግኝተዋል።

ይህ ልማድ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ የሚሞተውም ከላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ «ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ እጨርሰዋለሁ» ሲል አለቃው በስብሰባ መካከል ከጮኸበት፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ «መዘግየት ተስተውሏል» የሚለው ተመልሶ ይመጣል፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ ትምህርቱን ቀስሟልና። «ለሐሙስ ምን እንዳግዝህ ትፈልጋለህ?» ብሎ የመለሰ አለቃ ግን አንድ ሳንቲም ሳያወጣ መሥሪያ ቤቱን ቀይሯል። በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የምትይዙ አድማጮቻችን፣ በመሥሪያ ቤት ሁኑ በእድር፣ በወላጆች ኮሚቴ ሁኑ በማኅበር፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። «ይደረጋል» የሚል ቃል ብዕራችሁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስብሰባውን አቁማችሁ «ማን? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳታገኙም አትጻፉ።